ለሀገር ቤት ሆስፒታል ስንልክ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱን ደብዳቤዎች በአብዛኛው አንድ ጉዳይ ይዘዋል፤ በውጭ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ለሀገር ቤት ሕክምና የሚሰበስቡትን ገንዘብ፣ መድኃኒትና መሣሪያ። ስድስቱን መርጠን መልሰናል።

ጥያቄ፦ የደብራችን የበጎ አድራጎት ኮሚቴ በገጠር ላለ ጤና ጣቢያ መድኃኒት እየሰበሰበ ነው። ምእመናን ቤታቸው የተረፈውን፣ የተከፈተውንም ያልተከፈተውንም ያመጣሉ። ሁለት ትልልቅ ሣጥን ሞልቷል። ለጥምቀት በሚገቡ እናቶች ሻንጣ ልንልከው አስበናል። ምን ትሉናላችሁ? (የኮሚቴው ጸሐፊ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ የምእመናኑ ልብ ይመሰገናል፤ ሣጥኖቹ ግን መሄድ የለባቸውም። አንድ ጊዜ ለታካሚ ተሰጥቶ የተመለሰ መድኃኒት እንዳይለገስ የዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒት ልገሳ መመሪያ ይከለክላል። ምክንያቱን ለማየት ከሣጥኑ አንዱን ብርቱካናማ ብልቃጥ አውጥታችሁ ተመልከቱት። የታካሚው ስም፣ የሐኪሙ ስምና አወሳሰዱ ተጽፎበታል። ፋርማሲው ከትልቁ እሽግ ቆጥሮ ሲያወጣው ግን የአምራቹ የምርት መለያ ቁጥር እዚያው ቀርቷል። ያ ምርት ችግር ተገኝቶበት ከገበያ ይሰብሰብ ቢባል፣ ብልቃጡ ውስጥ ያለው ከዚያ ምርት ይሁን ከሌላ የሚለይ አይኖርም። በሐምሌ ሙቀት መኪና ውስጥ ይክረም፣ መታጠቢያ ቤት እንፋሎት ሲመታው ይክረም፣ ይህንንም የሚናገር የለም።

ሌላም አደጋ አለ። ከቤት በተሰበሰበ መድኃኒት መካከል ኮዴይን፣ ኦክሲኮዶን፣ ትራማዶል ወይም የእንቅልፍ መድኃኒት ሊኖር ይችላል። በሌላ ሰው ስም የታዘዘ፣ ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ይዞ መገኘት በወንጀል ያስጠይቃል። ጉምሩክ ላይ የሚጠየቁት ደግሞ ሻንጣውን የያዙት እናት እንጂ ኮሚቴው አይደለም። ይህን ሸክም በማንም እናት ላይ አትጣሉ።

ያልተጠየቀ ልገሳ ምን እንደሚያደርስ ኤርትራ በነጻነት ጦርነቱ ዘመን አይታዋለች። ከደረሳት ርዳታ ውስጥ ጊዜው ያለፈበት ሰባት የጭነት መኪና አስፕሪን ነበረ፤ አቃጥሎ ለመጨረስ ስድስት ወር ፈጀ። ጊዜው ያለፈበት 30,000 ባለ ግማሽ ሊትር ጠርሙስ የአሚኖ አሲድ ፈሳሽም ደርሷት፣ ከጠረኑ የተነሣ ሰው በሚኖርበት አካባቢ መድፋት አልተቻለም። መድኃኒት መጣል ራሱ ገንዘብ፣ ነዳጅና የሰው ጉልበት ይበላል፤ የሚከፍለውም ተቀባዩ ነው።

ስለዚህ ከጤና ጣቢያው ኃላፊ ማኅተም ያለበት ዝርዝር ጠይቁ። ዝርዝሩ የመድኃኒቱን ሳይንሳዊ ስም (የንግድ ስሙን አይደለም)፣ መጠኑን በሚሊግራም፣ ዓይነቱን (ክኒን፣ ሽሮፕ፣ መርፌ) እና በወር ስንት እንደሚያልቅ ይያዝ። ከዚያ ገንዘቡን ልካችሁ እዚያው ይገዛ። በሀገር ውስጥ የተገዛው አስቀድሞ የተመዘገበ ነው፤ ነርሷም ታውቀዋለች፤ ካለቀም ያንኑ መግዛት ይቻላል። ሀገር ውስጥ የጠፋ ነገር ሆኖ የግድ ከውጭ የሚላክ ከሆነ፣ ሲደርስ ቢያንስ አንድ ዓመት የመጠቀሚያ ጊዜ ይቅረው፤ በአምራቹ እሽግ ይሁን፤ መድኃኒት ከልብስና ከሌላ ዕቃ ጋር በአንድ ካርቶን አይታሸግ፤ ካርቶኑም ከ50 ኪሎ አይብለጥ። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ደግሞ ዕቃው ከመነሣቱ በፊት በተቀባዩ በኩል ይጠየቃል።

የተሰበሰቡትን ሁለት ሣጥኖች በተመለከተ፣ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ፋርማሲዎችና ፖሊስ ጣቢያዎች ትርፍ መድኃኒት መቀበያ ሣጥን አላቸው። በብልቃጦቹ ላይ ያለውን ስም አጥፍታችሁ እዚያ አስረክቡ፤ ለምእመናኑም ምክንያቱን ንገሯቸው።

ጥያቄ፦ በከተማችን ያለ ሆስፒታል ዕቃ ሲቀይር ሁለት የኩላሊት እጥበት ማሽን፣ አምስት የኦክስጅን ኮንሰንትሬተር (ከአየር ኦክስጅን አጣርቶ የሚሰጥ ማሽን) እና ሃያ አልጋ በነጻ ሊሰጠን ነው። በምዕራብ ኢትዮጵያ ላለ የሚስዮን ሆስፒታል በኮንቴይነር ልንልከው እንፈልጋለን። ጉባኤውን ለመርከቡ ወጪ ከመጠየቃችን በፊት ምን እናጣራ? (የሚስዮን ክፍል አስተባባሪ፣ ሚኒሶታ)

መልስ፦ በመጀመሪያ የእጥበት ማሽኑን ነገር እንናገር፤ ብዙ ልገሳ የሚሰናከለው እሱ ላይ ነው። ማሽኑ ብቻውን አያጥብም፤ የሚያጥበው ከውኃ ጋር ነው። በደቂቃ 500 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ለአራት ሰዓት ሲያልፍ ለአንድ ታካሚ በአንድ ቀጠሮ 120 ሊትር የተጣራ ውኃ ይሄዳል። ውኃው የቧንቧ ውኃ ወይም የተፈላ ውኃ መሆን አይችልም፤ በካርቦን ማጣሪያና በሪቨርስ ኦዝሞሲስ (ውኃን በግፊት በስስ ገለፈት በሚያጣራ መሣሪያ) ማለፍ አለበት። ማጣሪያው ደግሞ ከሚገባው ውኃ ከፊሉን መልሶ ስለሚጥል፣ 120 ሊትር ለማግኘት ከዚያ እጅግ የበለጠ መግባት አለበት። ለቧንቧ ውኃ ማከሚያ የሚጨመረው ክሎሪን ወይም ክሎራሚን በደንብ ሳይወጣ ቢቀር የታካሚው ቀይ የደም ሕዋስ ማሽኑ ላይ እያለ ይፈርሳል። ከተማው በሳምንት ሁለት ቀን ውኃ የሚያገኝ ከሆነ፣ ጥያቄው ከማሽኑ በፊት የታንከርና የጉድጓድ ጥያቄ ነው።

ቀጥሎ አላቂ ዕቃው አለ። በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚታጠብ አንድ ታካሚ በወር አሥራ ሦስት ያህል ዲያላይዘር (ደሙ የሚያልፍበት ማጣሪያ)፣ የዚያኑ ያህል የደም መስመር፣ የአሲድና የባይካርቦኔት ፈሳሽ፣ መርፌና ሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) ይፈልጋል። የአንዳንዱ ማሽን የደም መስመር ከሌላው ጋር አይገጥምም። ያ ሞዴል ኢትዮጵያ ውስጥ ወኪል ከሌለው፣ የመጀመሪያው ካርቶን ሲያልቅ ማሽኑ ጨርቅ ለብሶ ኮሪደር ላይ ይቆማል። መብራት ሲጠፋ የደም ፓምፑን የሚያዞረው ባትሪም ያረጀ ይሆናል፤ እሱ ካልተቀየረ ደም መስመሩ ውስጥ ረግቶ ይቀራል። ስለዚህ ተቀባዩ ሆስፒታል የውኃ ማጣሪያ ያለው፣ ያንኑ ሞዴል አሁን የሚጠቀም፣ የሰለጠነች ነርስም ያለችው ካልሆነ ማሽኖቹን አትቀበሉ። ሰጪውን አመስግኖ እምቢ ማለትም አገልግሎት ነው።

የኦክስጅን ኮንሰንትሬተሩ ችግር ሌላ ነው። የአሜሪካው በ120 ቮልትና በ60 ኸርዝ ይሠራል፤ የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ብዙ ሰው «ትራንስፎርመር እንጨምራለን» ይላል። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል፤ ኸርዙን ግን አይነካውም። ለ60 የተሠራ የኮምፕረሰር ሞተር በ50 ሲሠራ ፍጥነቱ በስድስተኛ ይቀንሳል፤ የሚገፋው አየር ሲያንስ የኦክስጅኑ ንጥረትም ይወርዳል። በዚያ ላይ ሆስፒታሉ ከፍታ ላይ ከሆነ አየሩ ራሱ ስስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ኮንሰንትሬተር ከ82 በመቶ በላይ ንጥረት መስጠት አለበት ይላል፤ ማሽኑ እያጉረመረመ፣ መብራቱም በርቶ፣ ከዚያ በታች ሊሰጥ ይችላል። ሕፃኑ አፍንጫ ላይ ቱቦ አለ፣ የሚበቃ ኦክስጅን ግን የለም። አምስቱን ትታችሁ በመርከቡ ወጪ ለ230 ቮልትና ለ50 ኸርዝ የተሠሩ፣ በሆስፒታሉ ከፍታ እንዲሠሩ አምራቹ በጽሑፍ ያረጋገጠላቸው ሁለት አዳዲስ ግዙ። የቮልቴጅ ማረጋጊያ፣ መለዋወጫ ፊልተርና አንድ የኦክስጅን መለኪያ ጨምሩበት።

አልጋዎቹ ጥሩ ናቸው። በእጅ የሚዞሩትን ምረጡ፤ የኤሌክትሪኩ ሞተር ሲቃጠል አልጋው በተቀመጠበት ቁመት ደርቆ ይቀራል። ፍራሹን አጣሩ፣ ጎማዎቹን አዙራችሁ እዩ።

የወረቀቱ ሥራ ቅደም ተከተል አለው፤ እሱን ማዛባት ውድ ነው። መጀመሪያ የሆስፒታሉ የጥያቄና የመቀበያ ደብዳቤ። ከዚያ ሞዴሉን፣ የመለያ ቁጥሩን፣ የተሠራበትን ዓመትና ሁኔታውን የሚያሳይ ዝርዝር፣ ከስጦታ ማረጋገጫ ጋር። ሆስፒታሉ በዚያ ዝርዝር የማስገቢያ ፈቃዱንና ከቀረጥ ነጻ መብቱን ይጠይቃል። ኮንቴይነሩ የሚጫነው ፈቃዱ በእጅ ሲገባ ነው። ቢል ኦፍ ሎዲንጉ (የመርከብ ጭነት ሰነዱ) ላይ የሚጻፈው ተቀባይ ፈቃዱ ላይ ካለው ስም ጋር በፊደል ሳይቀር ይመሳሰል። ጅቡቲ ወይም ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ወረቀት ሲጠበቅ የኮንቴይነር ኪራይና የመጋዘን ሂሳብ በየቀኑ ይቆጥራል። የዕቃውን ዋጋም ዜሮ ብላችሁ አትጻፉ፤ ለስጦታም እውነተኛ ግምት ያስፈልጋል።

ጉባኤውን ስትጠይቁ የመርከቡን ብቻ አትጠይቁ። የትራንዚተር ክፍያ፣ ከሞጆ እስከ ሆስፒታሉ የጭነት መኪና፣ ማውረጃ፣ ገጠማ፣ የባዮሜዲካል (የሕክምና መሣሪያ ጥገና) ባለሙያ ሥልጠናና የሁለት ዓመት መለዋወጫ አብረው ይግቡ። በአንዳንድ ሀገራት ከተለገሰ የሕክምና መሣሪያ ሥራ ላይ የሚውለው ከ10 እስከ 30 በመቶው ብቻ እንደሆነ የዓለም ጤና ድርጅት ጽፏል። የቀረው የቆመው በአብዛኛው በነዚህ ጉድለቶች ነው።

ጥያቄ፦ ከውጭ ሚስዮን የተሰጠን አውቶክላቭ (የሕክምና ዕቃ በእንፋሎት ማምከኛ) አለ። መመሪያው እንደሚለው 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ላይ አድርሰን 121 ዲግሪ ብለን እንቆጥራለን። ዕቃው ላይ የምንለጥፈው የሙቀት ቴፕ ቀለሙን ይቀይራል፤ ሙቀት የሚቋቋሙ ተሕዋስያን መሞታቸውን የሚያሳየው የስፖር ምርመራ ግን ደጋግሞ ወደቀ። ማሽኑ ተበላሽቶ ነው? (ነርስ፣ ደብረ ብርሃን አካባቢ)

መልስ፦ ማሽኑ ደህና ሊሆን ይችላል፤ መመሪያው የተጻፈው ግን ለባሕር ወለል ነው። ጌጁ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው፤ የእናንተ የውጭ አየር ደግሞ የቀለለ ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ጌጁ 15 ሲል ውስጡ ያለው እንፋሎት 117 ዲግሪ ገደማ ነው፤ እናንተ ጋ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። ለየ300 ሜትሩ ግማሽ ፒኤስአይ ጨምሩ። በ2,800 ሜትር ወደ 19 ወይም 20 ይደርሳል። ከመጨመራችሁ በፊት ግን ማሽኑ የሚችለውን ከፍተኛ ግፊትና ሴፍቲ ቫልቩ በስንት እንደሚተነፍስ ማሽኑ ላይ ከተለጠፈው የመግለጫ ሳህን አንብቡ፤ ከዚያ በላይ በፍጹም አትሂዱ፤ ቫልቩንም አትድፈኑ። ቴርሞሜትር ካለው ከግፊቱ ይልቅ ሙቀቱን እመኑ። ለተጠቀለለ ዕቃ 121 ዲግሪ ከደረሰ በኋላ 30 ደቂቃ ቁጠሩ። እንፋሎቱ ሲጀምር አየሩ በሚገባ እስኪወጣ ማስተንፈሻውን ክፍት አድርጉት፤ አየር ከቀረ ግፊት ይኖራል፣ ሙቀት ግን አይኖርም። ቴፕ ዕቃው መሞቁን እንጂ መምከኑን አያረጋግጥም። ስፖሩ እስኪያልፍ ድረስ ቀዶ ሕክምናና ማዋለጃ ዕቃችሁን ሌላ ጤና ተቋም አስመክኑ።

ጥያቄ፦ በዱባይ የጸሎት ቡድናችን ሠላሳ እኅቶች አሉ። የልብ ቫልቭዋ በቁርጥማት ልብ ሕመም ለተጎዳ የ14 ዓመት ልጅ ቀዶ ሕክምና ገንዘብ በቴሌግራም ልንሰበስብ ነው፤ ፎቶዋንም እንለጥፋለን። አንዲት እኅት ብሩን ሰብስባ ልትልክ ተስማምታለች። (እኅታችሁ፣ ዱባይ)

መልስ፦ እኅታችን፣ እባክሽ ይህን ለቡድኑ ቶሎ አድርሺ። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣችው 3ኛ ፌዴራል ድንጋጌ መሠረት ገንዘብ ማሰባሰብ የሚችሉት ፈቃድ ያላቸው ተቋማት ብቻ ናቸው። ግለሰብ ለበጎ ዓላማም ቢሆን አይችልም፤ በማኅበራዊ ሚዲያ መለመንም ያስቀጣል። ገንዘቡን የያዘችው እኅት ከሥራዋና ከመኖሪያ ፈቃድዋ አልፋ ልትታሰር ትችላለች። ማንም የሌላዋን ገንዘብ አይያዝ፤ ጥሪም አይለጠፍ። መርዳት የፈለገች እኅት በገዛ ስሟ፣ በሕጋዊ መላኪያ፣ በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ ወይም ወደ ልጅቷ ወላጆች ሂሳብ ትላክ። በጋራ መስጠት ከፈለጋችሁ የምታመልኩበትን ቤተ ክርስቲያን ጽሕፈት ቤት በምን መንገድ ሕጋዊ እንደሚሆን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ከመላክ በፊት ከቤተሰቡ ሦስት ወረቀት ይምጣ፤ የካርድ ቁጥርና ማኅተም ያለበት የሐኪም ደብዳቤ፣ የኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ምርመራ ውጤትና የሆስፒታሉ ፕሮፎርማ። ፕሮፎርማው ቫልቩን፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ቀናቱንና ደሙን ይይዝ እንደሆነ ይጣራ። ከዚያ ሁሉም የሚረሳው ይመጣል። ብረት ቫልቭ የተገጠመለት ሰው ዕድሜ ልኩን ዋርፋሪን የተባለ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ይወስዳል፤ አይኤንአር የሚባለውን፣ ደሙ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚረጋ የሚለካውን የደም ምርመራ መጀመሪያ በየሳምንቱ፣ ቆይቶም በየወሩ ይሠራል። ሕመሙ እንዳያገረሽ የሚሰጠው የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌም በየሦስት ወይም አራት ሳምንቱ ይቀጥላል። ከገጠር ለምርመራ የምትመላለስበት ትራንስፖርት ከሌለ ቫልቩ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል። ገና ልጅ በመሆኗም ቤተሰቡ ዋርፋሪን በእርግዝና ጊዜ ለፅንስ አደገኛ መሆኑን አውቆ የቫልቩን ዓይነት ከሐኪሟ ጋር ይምከርበት። ፎቶዋን አትለጥፉ። ነገ ትምህርት ቤት የምትመለስ፣ ስም ያላት ልጅ ናት።

ጥያቄ፦ በአዳራሽ ጨረታ ለሆስፒታል ገንዘብ እናሰባስባለን። ሥዕለ አድኅኖ ለጨረታ ቀርቦ በ1,500 ዶላር ተሸጠ። ገዢው ሙሉውን ከታክስ እንዲቀነስለት ደረሰኝ ጠየቀ። እንስጠው? ገንዘብ ቆጠራችን ላይም ጭቅጭቅ አለ። (የሰበካ ጉባኤ ሒሳብ ሹም፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ ሙሉውን አይደለም። ሥዕሉ ገበያ ላይ 60 ዶላር የሚያወጣ ከሆነ ስጦታው 1,440 ነው። ከ75 ዶላር በላይ ከፍሎ ዕቃ ለወሰደ ሰው የዕቃውን ግምት የሚገልጽ ጽሑፍ መስጠት የቤተ ክርስቲያኗ ግዴታ ነው። 250 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሰጠ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኗን ስም፣ መጠኑንና በምላሹ ዕቃ ወይም አገልግሎት መሰጠት አለመሰጠቱን የያዘ ደብዳቤ ያስፈልገዋል፤ ታክሱን ከማስገባቱ በፊትም በእጁ ይሁን። ቃል የተገባ ገንዘብ እስኪከፈል ድረስ ስጦታ አይባልም። በካርድ ከተከፈለ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም የሚቆርጥ አገልግሎት ከ1,500 ላይ 43 ዶላር ከ80 ይወስዳል፤ መጽሐፋችሁ ላይ ወጪ ሆኖ ይመዝገብ እንጂ ከስጦታው አይቀነስ። አንድ ነገር ጥብቅ ነው፤ ሰጪው «ለእገሌ ለዘመዴ ይድረስልኝ» ብሎ የሰጠው ከታክስ አይቀነስም። ሆስፒታሉን መርምሮ ያጸደቀውና ገንዘቡን የሚቆጣጠረው ሰበካ ጉባኤው መሆኑ በቃለ ጉባኤ ይስፈር።

ቆጠራው እዚያው አዳራሽ፣ ሰው ሳይበተን፣ ዝምድና በሌላቸው ሁለት ሰዎች ይሁን። የብር ኖቱ በየዓይነቱ ተጽፎ በሁለት ቅጂ ይፈረም፤ አንዱ ከገንዘብ ያዡ ሌላው ከጸሐፊው ዘንድ ይቅር። በማግስቱ የሥራ ቀን ያው ድምር ሳይነካ ባንክ ይግባ። ጭቅጭቁ የሚነሣው ለምግብና ለድምፅ ማጉያ ከከረጢቱ ሲከፈል ነው፤ እነዚያ በቼክ ይከፈሉ።

ጥያቄ፦ የላክነው ገንዘብና መሣሪያ ሥራ ላይ መዋሉን ከለንደን ሆነን በምን እናረጋግጥ? (የበጎ አድራጎት ማኅበር ባለአደራ)

መልስ፦ ለገንዘቡ፣ የባንኩን የስዊፍት (የዓለም አቀፍ ገንዘብ ዝውውር) ማስረጃ፣ የሆስፒታሉን ተከታታይ ቁጥር ያለው ደረሰኝና በዕለቱ ምንዛሪ የገባውን ብር ያዙ፤ ሦስቱ ድምር ይግጠም። ጊፍት ኤድ (የብሪታኒያ መንግሥት በስጦታ ላይ ለበጎ አድራጎት የሚመልሰውን ታክስ) ከጠየቃችሁ በአንድ ፓውንድ የሚመለሰው 25 ፔኒም በዚያው ሒሳብ ይታይ። ለዕቃው፣ ንብረት ክፍሉ ገቢ ያደረገበትን ሞዴል 19 እና ወደ ሕክምና ክፍሉ ያወጣበትን ሞዴል 22 ወይም ተመሳሳያቸውን ጠይቁ። 19 ኖሮ 22 ከሌለ ዕቃው መጋዘን ውስጥ ነው። የመለያ ቁጥሩን ከላካችሁት ዝርዝር ጋር አስተያዩ። ኮንሰንትሬተር የሠራበትን ሰዓት የሚቆጥር ሜትር አለው፤ ሲደርስና ከስድስት ወር በኋላ ሜትሩን ብቻ ፎቶ አንሥተው ይላኩላችሁ። ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰ ወቀሳ አትጻፉ፤ ለባዮሜዲካል ባለሙያው ደውላችሁ የጎደለው ፊልተር፣ መብራት ወይስ የሰለጠነ ሰው መሆኑን ጠይቁ፤ የሚቀጥለው ገንዘባችሁም ወደዚያ ይሂድ።